ለሁለት እንቁረጣት ስለተባለችው መርከብ

እኔ፣ ዕድሜ ልኬን ለልጆች መጽሔት የጠፈር መርከብ ስስል የኖርኩት ሴት፣ ዛሬ ማክሰኞ ጥር ዘጠኝ ቀን፣ በመኝታ ቤቴ ትራስ ተደግፌ፣ በምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን ለጸሐፊ ሰጥቻለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር ሐኪሜን ይጠይቅ፤ ልጆቼን አይጠይቅ፤ እነሱ አእምሮ የሚባለውን ነገር ቢያዩትም አይለዩትም።

ቤቱን ለታላቁ ልጄና ለእህቱ በእኩል ሰጥቻለሁ። ጣሪያው ያፈሳል። ከሥሩ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አንድ ቀን ቀና ብለው አላዩትም፤ የራሳቸው ሲሆን ያዩት ይሆናል። ልጄ ሥራዬን «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል፤ ወተቷን ግን ጠጥቶ አድጓል።

የልብስ ሣጥኔንና ውስጡ ያለውን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ። እሷ ስትመጣ «ምን ልርዳሽ?» ብላ አትቆምም፤ መጥረጊያ ታነሣለች።

ትልቋን ሥዕል በሚመለከት። ግድግዳ ሙሉ የሆነች የጠፈር መርከብ ናት፤ የሞተር ክፍሏ፣ ተደራራቢ አልጋዎቿ፣ ወጥ ቤቷ እንዲታይ ጎኗን ከፍቼ የሳልኳት። መልህቅም አላት። «ጠፈር ላይ መልህቅ ምን ይሠራል?» ለሚል አዋቂ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ የጠፈር መርከብ የባሕር መርከብ ልጅ ናት፤ የእናቷን ዕቃ ብትይዝ ምን ነውር አለው? ማዕበሉን፣ ወንበዴውን፣ የወደብ ናፍቆቱን ከባሕር ካልወረስን ጠፈር ባዶ ጨለማ ነው።

ባለፈው ሳምንት የተኛሁ መስሏቸው እዚሁ አጠገቤ ሲማከሩ ሰማሁ። ልጄ፣ «መሃል ለመሃል ቆርጠን እኩል እንካፈላት፤ ድሮስ የተቆረጠች አይደለች?» አለ። እህቱ፣ «የፊቱ ለእኔ ይሁን፤ ከሶፋዬ ጋር ይሄዳል» አለች። ወይ ጉድ! እኔ ሰው እንዲገባባት ከፈትኳት፤ እነሱ ለሶፋ ሊገምሷት! በሥዕሉ ላይ የመርከቧን መሪ የያዘው ልጅ እሱ ነው፤ ካርታ የምታነበው እሷ ናት። ልጅነታቸውን ሙሉ በፊቷ እየተመላለሱ ራሳቸውን አላዩም። ይህ አናዶኛል፤ ከንዴቱም ይልቅ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ መርከቧን ለማስመሪያ ሰጥቻለሁ። ማስመሪያ ብዬ የምጠራው በዚያው መጽሔት የእውነተኛ የባሕር መርከቦችን ሆድ ዕቃ ይስል የነበረው፣ አሁን እግርጌዬ ለምስክርነት የተቀመጠው ደረቅ ሽማግሌ ነው። አልወደውም። ሥዕሌ የታተመች ዕለት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከወጥ ቤትሽ ወደ መመገቢያው የሚያስገባ በር የለም፤ እነዚህ ሰዎች በረሃብ ማለቃቸው ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደህና ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ነገር ግን ያን ለማለት በየክፍሉ መዞር፣ በየደረጃው መውረድ፣ ከሠራተኞቹ ጋር መራብ ነበረበት። ከእሱ በቀር እዚያች መርከብ ውስጥ የገባ ሰው አላውቅም።

ጸሐፊ፣ ይህንንም ጻፍ። ማስመሪያ ይህን ሲሰማ፣ «እኔ ለፊርማ ነው የተጠራሁት፤ ቤቴም አይበቃትም» አለ።

«ይቆርጧታል እኮ፣ አንተ ሰውዬ!» አልኩት።

እሱም፣ «ማንም እንዳይጠቀልላት፤ ቀለሟ ይሰነጠቃል። እኔው ራሴ መጥቼ አወርዳታለሁ» አለ።

ወራሽ ምስክር ስለማይሆን ብዕሩን ከእጁ ተቀብያለሁ። በእሱ ፋንታ ከደጃችን ጫማ ሰፊው ተጠርቶ፣ ቃሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦለታል።

ተናዛዥ፦ ፈርማለች።
ምስክሮች፦ ጎረቤት መምህርቷ፣ የሕንጻው ጠባቂ፣ ነርሷ፣ ጫማ ሰፊው፦ ፈርመዋል።
ማስመሪያ፦ አልፈረመም፤ ወራሽ ነው።