አሥራ አንደኛው ደረጃ

ጥር 6

ዛሬ ክትትል ሄድኩ። ሰባት ወር ከሳምንት። ወረፋው እንደ ልማዱ ሦስት ሰዓት አስቀመጠኝ። አዋላጇ ነርስ የልቡን ምት አሰማችኝ... ዱብ ዱብ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ግማሹን አልሰማሁም።

«ስንተኛ ፎቅ ነው ቤትሽ?»
«አራተኛ።»
«አሳንሰር አለው?»

ሳቅኩ። አሳንሰር ይቅርና ደረጃው የምንይዘው ብረት እንኳ የለውም። እሷ ግን አልሳቀችም። ማህፀኔ እንዳይከፈት በክር ተሰፍቷል። ልብስ ሰፊ ሆኜ እኔው ተሰፋሁ እያልኩ ሰውን አስቅ ነበር፤ አሁን ቀልዱም አልቆብኛል።

ካልቸገረሽ አትውረጂ አለች። ከወረድሽ ግድግዳውን ይዘሽ፣ ሙሉ እግርሽን አሳርፈሽ፣ በእጅሽ ምንም ሳትይዢ። ስትወርጂ ሰው ከፊትሽ፣ ስትወጪ ከኋላሽ ይሁን። ካዞረሽ እዚያው ቁጭ በይ፣ ልብሴ ይቆሽሻል ብለሽ እንዳትቆሚ።

ሁለት አጥቻለሁ። አንዱን በአምስት ወሩ፣ አንዷን በስድስት። ሐኪሙ ባለፈው «ይሄኛው ከወጣ ግን...» ብሎ ካርዴን ዘጋ። ምን ሊል ነበር? አልጠየቅኩትም።

ስመለስ ሁለተኛ ፎቅ ያለው በያጅ ከኋላዬ ወጣልኝ። ሆዴ እግሬን ስለጋረደው ደረጃውን ቆጠርኩ። አሥር፣ መታጠፍ። አሥር፣ ፎቅ። እስከ ላይ አሥር አሥር ነው። የምቆጥረው ነገር አገኘሁ፣ ጥሩ ነው።

ጥር 9

አማቴ መጡ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጎረቤት አገር ድረስ እየጫነ ወራት መንገድ ላይ ይከርማል። «እናቴ ትርዳሽ» አለ። ማን ማንን እንደሚረዳ እናያለን! አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ደረጃ የሌለው ቤት ነው የኖሩት። እያለከለኩ ደረሱና በሩን ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ሰው ነው እዚህ የሚኖረው ወይስ እርግብ?» አሉኝ።

ወደድኳቸው መሰለኝ።

ጥር 12

ፓምፑ ተበላሸ። ውሃ ንጋት ላይ ብቻ፣ ያውም ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ። አከራዩ ጋ ደወልኩ። ፓምፑስ? ነገ። የደረጃው ብረትስ? ነገ። ስልኬ ላይ «አቶ ነገ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። በያጁ «ብረቱን ይግዛ እንጂ ጉልበቴን በነፃ» ብሎታል። አከራዩ «ግድግዳዬን አታስበሱብኝ» አለ አሉ። ግድግዳው ይበልጣላ!

እማማ አምስት ሊትሯን ጀሪካን አንጠልጥለው ተነሡ።

«ይተዉ እማማ፣ ዓይንዎ...»
«አንቺ ልጁን ያዢ፣ እኔ ውሃውን እይዛለሁ።»

ታች አንድ አምፖል ስላለ በአንድ ዓይናቸውም ቢሆን ያያሉ። ሁለት ጊዜ ተመላለሱ።

ጥር 15

ደም አየሁ። ጠብታ ናት... ግን ደም ደም ነው። አዋላጇን በስልክ አገኘኋት። «ተኚ። ለሽንት ቤት ካልሆነ አትነሺ። ደረጃ የሚባል ነገር እርሺ።»

ተኛሁ። ጣራው ላይ ሦስት ስንጥቅ አለ። ሌላ የማየው የለኝም። የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታዎች ማሽኔ ላይ ተከምረዋል፣ ማን ይስፋቸው? ቤቱ እንደ ወጥመድ ያዘኝ። ብወርድ ልጄን አጣለሁ፣ ብተኛ አሮጊት ሴት ውሃ ትሸከምልኛለች። አምላኬ፣ ምን አደረግኩህ?

ጥር 17

ዛሬ አሥራ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

ጥር 20

የታችኛው አምፖል ተቃጠለ። አቶ ነገ... መጻፍም ሰለቸኝ።

እማማን «ነገ አይውረዱ» ማለት ነበረብኝ። ግን ያለን ውሃ ግማሽ ጆግ ነው። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አዋላጇም ብዙ ጠጪ ብላኛለች። ስለዚህ ምን አልኩ?

«እማማ፣ አሥር አሥር ነው። ግድግዳውን ይዘው ይቁጠሩ። አሥር ሲሞላ ሜዳ ነው።»
«አሥር?»
«አሥር። ቆጥሬዋለሁ።»

በጣታቸው ደጋግመው ቆጠሩልኝ። ሳቅንም።

ጥር 21



ንጋት ላይ መጀመሪያ የሰማሁት ጀሪካኑን ነው። ባዶ ጀሪካን ሲንከባለል። ከዚያ ጸጥታ። በሩን ከፍቼ «እማማ!» አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። እንደገና ጮህኩ። አንድ በር እንኳ አልተከፈተም!

ልውረድ? ልጄስ? እዚያ ቆሜ ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። በኋላ ቁጭ አልኩ። በቂጤ፣ እንደ ሕፃን፣ አንድ አንድ ደረጃ እየተንሸራተትኩ፣ አንድ እጄ ግድግዳው ላይ አንድ እጄ ሆዴ ላይ። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ የበያጁን በር በጫማዬ ደበደብኩ። ወጣና በጎኔ አልፎ ወደ ታች በረረ። እዚያው መቅረት እችል ነበር። አልቻልኩም፣ ወረድኩ።

መጨረሻው ላይ ቆጠርኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። እግሬን ሜዳ ላይ ላሳርፍ ስዘረጋ ሜዳው የለም። ሌላ ደረጃ ነበር። ግቢውን ሲሚንቶ ሲያለብሱ ግማሿን ቀብረዋታል፣ አጭር ናት፣ ስንዝር አትሞላም። ያን ቀን ስወጣ ሳላውቃት ረግጫት አልፌ ነው ከላይዋ ያለውን አንድ ብዬ የቆጠርኩት። የሚወጣ ሰው ልብ አይላትም። የሚወርድ ሰው ግን፣ ያውም አሥር ሲሞላ ሜዳ ነው የተባለ...

እማማ ከእሷ በታች በጎናቸው ወድቀዋል። ሲያዩኝ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አንቺ እብድ! ማን ውረጂ አለሽ!»

ጥር 22

ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሐኪም ቤት ያደረሳቸው በያጁ ነው፤ እኔን ጎረቤቶች ተሸክመው ወደ ላይ መለሱኝ።

ሁሉም «ዕድሜ ነው» ይላል። «ዓይናቸው ነው» ይላል። ባለቤቴ በስልክ አለቀሰ፣ ከዚያ «አንቺስ ልጁስ?» አለ። ደህና ነን አልኩት። ይሄኛው እውነት ነው፤ ልጁ ይራገጣል፣ ደምም የለም። ሌላውን ግን አልነገርኩትም። አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። እኔ ፈሪ ነኝ ለካ።

የካቲት 3

ብረቱ ተተከለ። በአንድ ቀን! አረንጓዴ ቀለም ሁሉ ተቀብቷል። አቶ ነገ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ «ይኸው፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

የካቲት 8

እማማ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አራት ሰው በወንበር ተሸክሞ አወጣቸው። እኔ አልጋው ላይ፣ እሳቸው ፍራሹ ላይ፣ ሁለታችንም ጣራ እናያለን። የሠፈር ሴቶች ውሃ ያመጡልናል። በየቀኑ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየቀኑ «ልጁ ከተወለደ በኋላ» እላለሁ። ከአቶ ነገ በምን እሻላለሁ?

የካቲት 24

ሐኪም ቤት የማህፀኔን ክር ፈቱልኝ። ስሄድ ብረቱን ይዤ፣ በያጁ ከፊቴ፣ ሙሉ እግሬን እያሳረፍኩ ወረድኩ። አሥራ አንደኛዋን ስረግጥ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የካቲት 27

ወንድ። ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ። አለቀሰ! ጮኾ ነው ያለቀሰው!

መጋቢት 21

ነገርኳቸው።

ልጁን እያጠባሁ ነበር። እማማ ከፍራሻቸው ሆነው፣ «እኔ ሞኟ፣ አሥር እንኳ መቁጠር አቅቶኝ እንዲህ ሆኜ ቀረሁ» አሉ። ለራሳቸው ነው ያሉት፣ ቀስ ብለው። ለካ ሁለት ወር ሙሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ነው የከረሙት። እኔ በዝምታዬ የሠራሁት ይሄን ነው?

«እማማ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። አሥራ አንድ ነው። እኔ ነኝ በስህተት አሥር ያልኩዎት። የወደቁ ዕለት ያኔውኑ አውቄያለሁ።»

ልጁ ጠግቦ ተፋ። እማማ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አሥር ድረስ አጠፉ።

«ያኔውኑ አውቀሻል።»
«አዎ።»
«ለልጄ ነግረሻል?»
«አልነገርኩም።»
«አትንገሪው። በሰው አገር መንገድ ላይ ነው፣ አሳቡን አትበትኚበት።»
«ይቅር ይበሉኝ።»
«አልልም።» ብርድ ልብሳቸውን ሳቡ። «ዛሬ አልልም። ደረጃውን ሳይሆን ሁለት ወሩን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ደብቀሽኝ፣ ያውም አጠገቤ ተኝተሽ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። ልጁም ጀመረ። ክንዴ ዝሎ ልጁ ሊያመልጠኝ ደረሰ።

«ስጪኝ!» አሉ ተቆጥተው። «ትጥይዋለሽ። ስጪኝ እንጂ!»

ሰጠኋቸው። ደረታቸው ላይ አስተኝተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩብኝ። ይኸው መሽቷል፣ እስካሁን አላናገሩኝም። ልጁንም አልመለሱልኝም።