ዳንቴል ለብሶ ስለተቆለፈበት ስካነር

ለተከበሩ አቶ ዱጉማ፣
የቤትና የቦታ ይዞታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ እኛን በረንዳዎ ላይ የሚያገኘን የሮቤ ብርድ እርስዎን እንዳይነካዎ እጸልያለሁ።

እኔ የእማማ ወለተኢየሱስ ጎረቤት ነኝ። እማማ ልጅ አልወለዱም፤ ሲምቦን ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳድገዋል፣ ዛሬ ደግፋ የምታቆማቸውም እሷው ናት። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ዓይናቸው ሳይከደን ቤታቸውን በስጦታ በስሟ ማዛወር። ይህ ካልሆነ፣ ደጃቸውን ረግጠው የማያውቁ ዘመዶች ከቀብር መልስ ሲምቦን ከነፌስታሏ ያስወጧታል። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ ፋይላቸው ስካን ተደርጎ ኮምፒውተር ውስጥ ካልገባ፣ እሳቸውም በአካል ቀርበው ካልፈረሙ ምንም እንደማይሆን ነግሮናል። ስለዚህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስካነሩ የመጣው በኔትወርክ እንዲሠራና ሁሉም ሠራተኛ ከየጠረጴዛው እንዲጠቀምበት ነበር አሉ። እርስዎ ግን ከራስዎ ቢሮ አስገብተው፣ ዳንቴል አልብሰው፣ የላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል። ሠራተኞችዎ ታች ቤት ኮምፒውተሩን ሲያዩ፣ እኛም እነሱን ስናይ እንውላለን፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ለንብረት ያለዎት ፍቅር ያስቀናል።

፪ኛ/ ጎባ ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር፣ ማሽኑ እንዳይቃጠል ብለው ከሶኬት ነቅለው፣ በሩን ቆልፈው፣ ቁልፉን በኪስዎ ይዘው ይሄዳሉ። ተመልሰው ሲሰኩት ማሽኑ ከኔትወርኩ አዲስ አድራሻ ይቀበላል፤ የታች ቤቱ ኮምፒውተር ግን በድሮው አድራሻ ሲፈልገው ይውልና የለም ይላል። የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ ሴና አንድ ቋሚ አድራሻ ቢሰጠው ነገሩ እንደሚያልቅ አስረድታዎት፣ በደብዳቤ ጠይቂ አሏት። ጻፈች። ደብዳቤው ግን መጀመሪያ ስካን ተደርጎ ይምጣ ተብሎ ተመለሰላት። አጃኢብ ነው! እንዲህ ያለ አሠራር ለማሰብ እንኳ እኛ አቅሙ የለንም።

፫ኛ/ ባለፈው ሰኞ እማማን በባጃጅ አምጥተን በረንዳዎ ላይ አስቀመጥናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተንዘፈዘፉ። እርስዎ የመኪናዎን መስታወት ዝቅ አድርገው ሰላም አሏቸውና ወደ ጎባ አለፉ። ስለ ሰላምታዎ ጋላቶማ! እማማ ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። ቤታቸው ድረስ መጥቶ የሚያስፈርም ሠራተኛ ይላክልን ብንል፣ ለዚያም ፋይሉ አስቀድሞ ስካን መደረግ አለበት ተባልን።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ሶኬቱን አይንቀሉት፣ ቁልፉንም ለሴና ይተዉላት። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም።

ለስካነሩ ያለዎት ርኅራኄ ለሰውም ይተርፍ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከዳንቴሉ ወዲህ ማዶ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ሠርከአዲስ፣
ከበረንዳዎ ተሰላፊዎች አንዱ

ማሳሰቢያ፦ እማማ ሰው አይራገሙም። ትናንት ስምዎን ጠይቀው ከአልጋቸው ሆነው መረቁዎት፤ በመጨረሻው ቀን ከሰማይ ደጅ ሲደርሱ፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ስብሰባ የሄደ መልአክ አይግጠምዎ ብለዋል። ሲምቦ አሜን አለች። እኔ ግን ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ።