ራሱን የሚፈታ ማሰሪያ

ውድ እታለም፣

ደብዳቤ በሰላምታ መጀመር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ሰላምታው ግን ለጊዜው ይቆየኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሰጠሽኝን የመንደሪን ቀንበጦች ከየት አመጣሻቸው? ከአባባ ዛፍ ነው እንዳትዪኝ።

የመጣሽበትን ቀን ደጋግሜ አስባለሁ። ያንን ሹፌር አገባለሁ ብለሽ፣ ከአባባ ጋር ተኳርፈሽ ከወጣሽ ወዲህ የግቢያችንን በር ስትረግጪ የመጀመሪያሽ ነበር። የጠራሁሽ እኔ ነኝ። ዛፉ ከሥሩ ሙጫ እያነባ እየደረቀ መሆኑን፣ አባባም ዐይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ ከዚያው ዛፍ የተዳቀለ ችግኝ ማየት እንደሚመኙ፣ እጅሽም ከእኔ እጅ እንደሚሻል ነገርኩሽ። መጣሽ። አባባ ከክፍላቸው አልወጡም። አንቺም ውጡልኝ አላልሽም። ዛፉን ዞር ዞር ብለሽ አየሽና "ማሰሪያ የለንም፤ ሂድ ናስትሮ ገዝተህ ና" አልሽኝ። ስመለስ ቀንበጦቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። "ካልደረቀው ወገን ቆረጥኩልህ" አልሽ። ከዚያ ከቦርሳሽ አንድ ጥቅል ማሰሪያና አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አወጣሽ።

ማሰሪያ በቦርሳሽ ይዘሽ እኔን ናስትሮ ፍለጋ ለምን ሰደድሽኝ?

ጭራሽ "ናስትሮውን ተወው" አልሽኝ። "እሱ አይለጠጥም፤ ግንዱ ሲወፍር አንቆ ይገድለዋል። ይሄኛው እየተሳበ ይጠመጠማል። ቡቃያው ራሱ በስቶት ይወጣል፤ ኋላ በፀሐይ ተበጣጥሶ ራሱን ይፈታል። ከላይ ከቆርቆሮው ቀባ አድርግበት፤ ሌላ ነገር አትቀላቅል።" ይህን ብለሽ ሻይ እንኳ ሳትቀምሺ ሄድሽ።

ራሱን የሚፈታ ማሰሪያ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ አባባ የመድኃኒት ጠርሙስ እሽጉ ፊታቸው ካልተከፈተ የማይገዙ ሰው ናቸው። ጥቅሉን ይዤ የእርሻ ዕቃ ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄድኩ። ሳበው፣ አሸተተው፣ እንደገና ሳበው። "ጥሩ ዕቃ ነው፤ እኛ ጋ የለም" አለኝ። እሱ ጋ አለመኖሩ የባሰ አስጠረጠረኝ። ቆርቆሮውን ለጎረቤታችን ለአናጢው አሳየሁት።

"ሰም አለበት፣ ሙጫም አለበት፣ ሌላውን እንጃ" አለ። "ለምን ዝም ብለህ የግድግዳ ቀለም አትቀባውም? እኔ ስንት በር አሳምሬበታለሁ።"

"ዛፍ እኮ ነው፣ በር አይደለም።"

"እንግዲህ እኔ ዛፍ የማውቀው ከሞተ በኋላ ነው" ብሎኝ ወደ መጋዙ ተመለሰ።

ባለቤቴ ሳቀችብኝ። "እህትህ ናት ወይስ ደላላ? ያለችህን አድርገህ አርፈህ ተቀመጥ" አለች። ልቀመጥ ብዬ ጨርቁን ፈታሁ። ነገሩን ያየሁት ያኔ ነው። የእያንዳንዱ ቀንበጥ ሁለቱም ጫፍ በሰም ታሽጓል።

አንቺንም እኔንም ያስተማሩን አንድ ሰው ናቸው። ከግቢ ተቆርጦ ወዲያው የሚዳቀል ቀንበጥ ጫፉ አይታሸግም። የሚታሸገው መንገድ የሚሄደው ነው፤ እርጥበቱ በየጫፉ እንዳያመልጥ። ከዛፉ እስከ ጠረጴዛው ምን መንገድ አለ? ወጥቼ ዛፉን ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ አየሁት። አዲስ የተቆረጠ ቦታ የለም። እርጥብ የመሰሉኝ ቅርንጫፎችም ሳጎብጣቸው ቀጭ ቀጭ አሉ።

ዋሽተሽኛል ማለት ነው። ለምን? ያልጠረጠርኩት ነገር የለም። አባባ ችግኝ ጣቢያቸውን ለእኔ ስላወረሱ ቂም ይዛ ነው አልኩ። የማንንም የገበያ ዘር በዛፋችን ስም ልታስታቅፈን ነው፤ አባባ ደስ ብሏቸው ሲሞቱ በሆዷ ልትስቅ ነው አልኩ። ቀንበጦቹን ልጥላቸው ቆሻሻ ማቃጠያው ድረስ ይዣቸው ሄጄ ተመለስኩ። የመለሰኝ አንቺን ማመኔ አይደለም፤ ሌላ ቀንበጥ ስላልነበረኝ ነው።

በጣሳ ባሉት የሎሚ ችግኞች ላይ አዳቀልኳቸው። በማሰሪያሽ አሰርኩ፣ ከቆርቆሮሽ ቀባሁ። አንዱን ብቻ በራሴ መንገድ ፌስታል ቀድጄ አሰርኩና የሻማ ሰም አንጠባጠብኩበት። ለባለቤቴ ለማወዳደር ነው አልኳት። እውነቱ ግን ያንቺ ሁሉ ሲደርቅ "ይኸው!" የምልበት አንድ ነገር እንዲኖረኝ ነበር።

አባባ በመስኮት "በምን አሸግከው?" ይሉኛል። "በሰም" እላለሁ። "የማን ሰም?" ይላሉ። "የሱቅ" እላለሁ። መስኮቱን ይዘጋሉ። እታለም፣ ይህም አላማረኝም።

እስከዚህ ጽፌ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ቡቃያውን አይቼ ልላክላት ብዬ። አሁን ልቀደው እችል ነበር። አልቀደድኩትም፤ ምን ያህል እንደጠረጠርኩሽ እንድታውቂው ፈለግሁ።

የኔው፣ ባለፌስታሉ፣ ደረቀ። የሻማው ሰም ተሰነጣጥቆ ውሃ ገባበትና ጠቆረ። ያንቺዎቹ ማሰሪያውን እየበሱ ብቅ አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ጨነቀኝ፤ ጸደቀ ማለት የኛ ነው ማለት አይደለማ። ቅጠሉ እስኪሰፋ ጠብቄ አንዱን ከነጣሳው አንስቼ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ። ምንም አልነገርኳቸውም። ዐይናቸው አሁን ቅጠል ከቅጠል አይለይም፤ ጣታቸው ግን ይለያል።

አንድ ቅጠል ያዙ። ጠርዙን ዳሰሱ፣ ያንን ወደ ውስጥ ጥቅልል የሚለውን ጠርዝ። ከዚያ በጣቶቻቸው አሽተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"እሱ ነው" አሉ።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ከዛፉ የተቆረጠ አይደለም። እሷ ናት ከሌላ ቦታ ያመጣችው።"

"ታዲያ ከቤቷ ካላመጣችው ከየት ይምጣ? ዛፉ እንደሆነ ደርቋል። ውሰደኝ ወደሱ።"

ደግፌ ወሰድኳቸው። ከግንዱ በታች፣ በግድግዳው ወገን፣ እጃቸውን ሳያመነቱ አንድ እብጠት ላይ አሳረፉ። ጠባሳ ነው፤ ቅርፊቱ ከዙሪያው መጥቶ ሊገጥም ጥቂት የቀረው። መሀሉ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ፣ የመስኮታችን ቀለም። ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ መስኮት ሲቀባ የተንጠባጠበ ነበር የሚመስለኝ።

"የሄደች ዕለት ጠዋት ነው ያገኘሁት" አሉ። "አንድ ቅርንጫፍ የለም። አቆራረጧ እንዳስተማርኳት ነው። ቁስሉን ግን ሳታሽግ ሄደች። ተናዳ ነበር፣ ረስታው ነው። ከመስኮቱ የተረፈች ቀለም ነበረችኝ፤ እኔ ቀባሁት።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገሩኝም?"

"ሌባ ትላት ነበራ።" ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው አንድ ዙር ዞሩት። "እንደማትጥለው አውቅ ነበር።"

መጠርጠር ከጀመርኩ አይቀር ብዬ የናስትሮውንም ነገር ጠየቅኳቸው። ለካ እኔን ልከሽ መስኮታቸው ሥር ቆመሽ "አባባ፣ አባባ" ስትዪ ነበር። "ሰማኋት" አሉኝ፤ "ከአልጋው መነሳት አቃተኝ።" አቅም አንሷቸው እንዳልነበረ እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ቀንበጦቹ ያኔ በወሰድሽው ቅርንጫፍ አዳቅለሽ በቤትሽ ካሳደግሽው ዛፍ መምጣታቸውን ብትናገሪ አባባ እንደማይነኳቸው ፈርተሽ ነበር፤ አሁን ገባኝ። አንቺም በከንቱ ዋሸሽ፣ እኔም በከንቱ አማሁሽ። ይቅር በይኝ። ከጥርጣሬዬ ጨርሼ ድኛለሁ ግን አልልም፤ ቆርቆሮው ውስጥ ምን እንዳለ አሁንም ትነግሪኛለሽ። አናጢውም እየጠየቀ ነው።

ያን ዕለት ለአባባ የማሰሪያውን ጠባይ አስረዳኋቸው፤ ማንም ሳይነካው በፀሐይ እንደሚበጣጠስ። ችግኙን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥምጥሙን ዳሰሱት። ፊታቸውን አጨፈገጉ።

"ራሱን የሚፈታ ማሰሪያ አላምንም" አሉ። "ጻፍላት። ራሷ መጥታ በእጇ ትፍታው።"

ይኸው ጻፍኩልሽ። ማሰሪያው በጠርዙ በኩል መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ለአባባ አልነገርኳቸውም። ሳይቀድምሽ ነይ።

ጠርጣሪው ወንድምሽ