ከመቶ ስንቱ ሥራ ፈት

ጥቅምት 9 ቀን 1958፣ ፍኖተ ሰላም

ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተማርሁ። ርእሰ መምህሩ ካዋሱኝ መጽሔት የአፍሪካን አገሮች ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ። በየአገሩ ከመቶ ሰው ስንቱ ሥራ ፈት እንደሆነ ያወዳድራል። ከእኛ አገር ስም ፊት ያለው ሰረዝ ብቻ። ገና እየተቆጠረ ነው አልኋቸው። ገለበጡ። ከሰዓት ደብተር ሳርም ዋልሁ።

ጥቅምት 20

ለቅዳሜና እሑድ ቡሬ አጠገብ፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ወረድሁ። ወንድሜ ቢሆነኝ ከስቷል። ደብረ ማርቆስ አሥራ ሁለተኛን ከጨረሰ ዓመት አለፈው። ሥራ ፍለጋ ባሕር ዳር ሞከረ፣ አዲስ አበባ ሞከረ... ባዶ እጁን ተመለሰ። ገበያ አይወጣም። ለቅሶ እንኳ አይደርስም። «ሥራ የት ገባህ?» ይሉታላ። ምን ይመልስ?

ኅዳር 4

ቅዳሜ። እንደገና ቤተሰቦቼ ዘንድ ነኝ። ከመንግሥት የተላኩ ሕዝብ ቆጣሪዎች መጡ። አንደኛው አባታችንን፣ መሪጌታ ገብረሰንበትን፣ ጎንበስ ብሎ ጠየቀ።

«በቤትዎ ሥራ የሌለው ሰው አለ?»

«የለም። ልጄ ያርሳል።»

ቢሆነኝ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዘንድሮ ሞፈር አልነካም። መሬቱን የሚያርሰው ጎረቤት ነው፣ እህሉን በእኩል እየተካፈለ። ሰውየው ጽፎ ሄደ። እኔ ወደ አባ ዞርሁ።

«አባ፣ ለምን እንዲያ አሉ?»

«ታዲያ ሥራ ፈት ወለድሁ ልበል?»

ቢሆነኝ ሰማ። ቀስ ብሎ፣ «እኔ ሥራ አልፈታሁም፣ አባ። መች አገባሁትና?» አለ።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው... ራታቸውን ሳይቀምሱ ተኙ።

ኅዳር 6

ፍኖተ ሰላም። ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ቀርቷል። በግብፅ፣ በጋና ያለ አባትም «ልጄ ሥራ አለው» ብሎ ይሆን? ከሆነ አገርን ከአገር ስናወዳድር ምኑን ነው የምናወዳድረው? የሥራውን ነው ወይስ የሀፍረቱን?

ኅዳር 19

እሑድ። ዛሬም ቤተሰቦቼ ዘንድ ነኝ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀመጥን። ጠላው ሳይቀዳ አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ቢሆነኝ ሥራ የለውም» አሉ። «ለቆጣሪው ዋሽቻለሁ። አፍሬ ነው። የምታውቁት ሥራ ካለ ንገሩኝ።»

ድምፃቸው ደህና ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት መች ተነግሮ ያውቃል? በኋላ ጎረቤታችን ወይዘሮ ማሚቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ «የእኔም ልጅ ዓለምብርሃን... ከተማ ሥራ ይዟል ያልኋችሁ... ጓዳ ተኝቶ ነው ያለ» አሉ። ቀጥሎ አንጥረኛው ክንፈሚካኤል ስለ ልጁ ተናገረ። ከዚያ ሌላ ሰው። ማንም አልሳቀም።

አባ ብድግ ብለው ወጡ። ቢሆነኝን ከቤት ጠርተው፣ ክንዱን ይዘው መጡ። ከአጠገባቸው አስቀመጡት። እንጀራውን ቆርሰው ሰጡት። አቀርቅሮ መብላት ጀመረ... ቀስ በቀስ ቀና አለ። ከዓለምብርሃን እናት ጋር ሲያወራም ሰማሁት።

በሰው መካከል ሲበላ ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ሥራ ግን እስካሁን የለም።