ዝናቡ ከምሥራቅ ነው

ሰኞ፣ ነሐሴ 26
ዛሬም ልጁ ሲስል ዋለ። ደግነቱ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማ የለም። የልጅ ልጄ ብሩክ ኮርኒስ ላይ ከወጣ ሰነበተ። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት እያፈሱ ነው፤ ከጉለሌ ስንቱ ልጅ ሱቅ እንደተላከ ቀረ። ለጠየቀኝ ሁሉ "ሐረር አጎቱ ጋ ሄዷል" እላለሁ። እሱ ጣውላ ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ ከጣውላው ስር ያለው አቡጀዲ ብቻ ነው። እሱ እላይ ታስሯል፣ እኔ እታች። ቤቱን ጥዬ ቁስቋም መሳለም እንኳ አልቻልኩም።

ይህን ደፍሬ የምጽፈው የእጅ ጽሑፌን ከሟች ባለቤቴ በቀር አንብቦ የጨረሰ ስለሌለ ነው። እሷም "ዶሮ የጫረችው ይሻላል" ትለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27
ለመዋያ ክርክር ገጥመናል። ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?

እኔ ከምሥራቅ ነው ባይ ነኝ። ምጽዋ ሠርቻለሁ፤ ሸሚዝ የሚያጣብቀውን የባሕር አየር አውቀዋለሁ። ደመናውም ከሰዓት በኋላ በየካ በኩል ሲመጣ በዓይኔ አያለሁ። ብሩክ በአቡጀዲው ውስጥ ያንሾካሹካል። "አባባ፣ ደመናውን ወዲህ የሚነዳው የላይኛው ነፋስ ነው። እርጥበቱን የሚያመጣው የታችኛው ነው፤ ከአትላንቲክ ተነስቶ በኮንጎ ጫካ አድርጎ ከምዕራብ ይገባል። ጫካው ላይ ይዘንባል፣ ቅጠሉ መልሶ ይተነፍሰዋል፣ እንደገና ደመና ይሆናል። እኛ ጋ ሲደርስ ደጋው ሽቅብ ይገፋዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል።"

"ታዲያ ሌላው ለብሶ የጣለው ሰልባጅ ዝናብ ነው በለኛ!"

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከእንግዲህ ላላስቀው ወሰንኩ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይሄ ከባድ ቅጣት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ እኔም መሳል ይዣለሁ። በር ላይ፣ ቦኖ ውሃ ጋ፣ ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ። ሳሉ የእኔ መሆኑን ሰፈሩ ይወቅልኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28
ጠብ አላለም። ሰው ሁሉ ልብሱን አስጥቶ ደስ ብሎታል፤ ሰማዩን የምሰድበው እኔ ብቻ። ብሩክ ሳሉን ለማፈን ጋቢዬን ነክሶ ዋለ። መስከረም ሲጠባ ቆርቆሮው ጭራሽ ዝም ይላል። ያኔ ምን ይሸፍነዋል? እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ አክስቱ ጋ ቢደርስ ይተርፍ ነበር። ግን በቁስቋም በኩል ያለው መንገድ ላይ ጥበቃ አለ።

በቆርቆሮው ቀዳዳ የጎረቤት ጭስ ያያል። "ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው አባባ። የምዕራቡ ነፋስ ገና አልቆመም። ይዘንባል።"

አልተከራከርኩትም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ልክ እንዲሆን ተመኘሁ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29


ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ በሩ ተንኳኳ። የአብዮት ጥበቃው ታደሰ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ የማውቀው የጎረቤት ልጅ። በስብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ። "አባባ፣ እስኪያባራ ልጠለል" አለና ሄዶ ሄዶ ከብሩክ ስር ተቀመጠ። ዝናቡ እየሳሳ መጣ። ታደሰ ቀና አለ።

"ኮርኒስዎ ውሃ ቋጥሯል። አብጧል እኮ!"

ያበጠው ከጣውላው የተንሸራተተው የብሩክ ጉልበት ነው።

"ልብሳልዎት፤ ሌሊት ይናድብዎታል" ብሎ አፈሙዙን ወደ ላይ ቀሰረ።

"ቆይ! አቡጀዲውን ከኅብረት ሱቅ አንተ ታመጣልኛለህ? የለም ካሉኝ ስንት ጊዜዬ! እሱን ከቀደድከው ስሞት በምን ልትገንዙኝ ነው? በጋዜጣ?"

ሳቀና አፈሙዙን አወረደ። ልክ ያኔ፣ ከላይ፣ ሳል።

ተከትዬ ሳልኩ። ሳንባዬ እስኪወጣ ሳልኩ። ታደሰ እስክጨርስ ጠበቀኝ። እኔን ግን አያይም ነበር፤ ኮርኒሱን ነበር የሚያየው።

"ሳልዎ ከብዷል" አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ደግሞ ቆመ። "ነገ ከሰዓት በቁስቋም መንገድ ተረኛው እኔ ነኝ። ዝናብ ከጣለ ግን አልቆምም። ጉንፋን አልወድም።"

ምሕረት ነው ወይስ ወጥመድ? ብሩክን ጠየቅኩት። "እዚህ ብቆይስ ከምን ልተርፍ?" አለኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 30
እስከ ስምንት ሰዓት ጥርት ያለ ሰማይ። እሱ እላይ በቀዳዳው፣ እኔ ደጅ ላይ አንጋጥጬ። የኮንጎን ጫካ እንዲህ እለምናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዘጠኝ ሲል ጠቆረ፣ አጉረመረመ፣ ወረደ።

ብሩክ ሲወርድ እግሩ መራመድ ረስቶ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ጆንያ አከናነብኩት። "ከደረስክ በእንጨት ተሸካሚዋ በሸዋዬ ቃል ላክብኝ። 'ዝናቡ ከምሥራቅ ነው' በል። ደረስኩም፣ ተረታሁም ማለት ነው።"

"እሺ አባባ" ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሄደ።

ማታ ባዶ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ሳልኩ። ሰፈሩ ልዩነቱን እንዳያውቅ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 1
ወሬ የለም። ታደሰንም አላየሁትም። አቡጀዲው እንደ ድሮው ቀጥ ብሏል፤ ማየት አስጠላኝ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ፣ የጠመንጃ ያዥ ቃል አምኜ ልጁን በገዛ እጄ ላኩት።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2
ሸዋዬ ሸክሟን ደጃፌ ላይ አወረደች።

"አባባ፣ አንድ ልጅ ከወዲያ ማዶ መልእክት ሰጥቶኝ ነበር። ነገሩ ግን አልገባኝም።"

"ምን አለሽ?"

"'ዝናቡ አሁንም ከምዕራብ ነው' በያቸው አለኝ።"

በሩን ተደገፍኩ። ተይዞ፣ ተገርፎ ቢሆን ያዘዝኩትን ቃል በቃል ይልክ ነበር። እዚያ ሆኖ የሚከራከረኝ የጠገበና የደረቀ ልብስ የለበሰ ሰው ነው።

"ደህና ነው?"

"ምን ይሆናል! ሁለት እንጀራ ሲበላ ነው ያገኘሁት።"

ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ሳል ተለወጠና ሸዋዬ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ይሄኛው የእውነት ነው፤ ያ ውሻ ሳሉን አጋብቶብኝ ነው የሄደው።