ቃጫ የታሰረባቸው ዋንዛዎች

ይድረስ ለወንድምዓለም ለከፍያለው፣

እንደምን ሰንብተሃል? የደርባን ብርድ ገባ ወይ? ባለቤትህ ትጊስ፣ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመዱት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ጤና ነን። ጤና ነን ስልህ ግን ልቤ አላረፈም። በስልክ ልነግርህ ስላፈርኩ ነው ጽፌ በፎቶ የላክሁልህ።

ባለፈው ወር ያን የባሕር ማዶ ቡና እርሻ ቪዲዮ ለአባባ ስትልክ፣ ጥላ ዛፍ የሌለበትን፣ አገሩ ከእኛ ጋር አንድ አይደለም ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔም የባዮሎጂ መምህርነቴን ላሳይህ ብዬ፣ አዎ፣ ባዮሙ አንድ ነው አልኩህ። ይህን ስትነግረው አባባ የበኩር ልጁና መምህሯ ልጁ ከተስማሙ ምን ቀረ ብሎ፣ ዱመርሶ መንደር ከቤቱ በላይ ለቡናው ጥላ ከሆኑት ስድስት ዋንዛዎች ሁለቱን አስቆረጠ። በቀሩት አራቱ ላይ ለምልክት ቃጫ አስሮባቸዋል። ዛፍ ቆራጩ ጋዲሳ መጋዙን ይዞ ቅዳሜ ይመጣል።

ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባዮም ማለት በዝናቡ፣ በሙቀቱና በዕፅዋቱ ዓይነት የሚመሳሰል ሰፊ የምድር ክፍል ነው፤ ባሕር ተሻግሮም አንድ ሊሆን ይችላል። ሥርዓተ ምህዳር ግን በአንድ ቦታ ላይ ማን ከማን ጋር፣ በምን አፈርና ውኃ ተደጋግፎ እንደሚኖር ነው። በእኛ ማሳ ዋንዛው ቅጠሉን ያራግፋል፣ ትሉና ምስጡ አፈር ያደርጉታል፣ እንሰቱ ውኃ ያቆራል፣ ቡናው በጥላው ያድጋል፤ የዛፉ ሥር ደግሞ ዳገቱን ይይዛል። አንድ ቀበሌ የሚኖር ሁሉ አንድ ቤተሰብ አይደለም እኮ። የቪዲዮው እርሻ ሜዳ ነው፣ ቡናውም ፀሐይ የለመደ። ተማሪዎቼን ይህን ሦስት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተምሬ ለአንተ ግማሹን ብቻ መለስኩልህ።

ለፋሲካ ስሄድ ዛፎቹ ከተነሱበት ሥር ያለው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ጓሮ ድረስ አውርዶታል። አባባን ለመንኩት። "አንድ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም? የጀመረው ከፍያለው ነው፤ ተው የሚለኝም እሱ ነው" አለኝና አኮረፈኝ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ እባክህ ከቅዳሜ በፊት ደውልለት። የእኔን ስም አታንሳ፣ ከእኔ ሰማሁም አትበል፤ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ብቻ በለው። ከአንተ ሌላ የሚሰማው የለም። እኔ ከሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ትጊን ሰላም በልልኝ፤ ሀኒንና ሳምሶንን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ ገሪማ ሰላም ይልሃል፤ ልጃችን ኤልቤቴል ፎቶህን እያየች አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። አባባ እኔን ቢያኮርፈኝም ስምህን ሳያነሳ አይውልም። እማዬ አገላብጣ ስማሃለች። ልጄ በሰው አገር እንዳይጨነቅ አትንገሪው ብላኝ ነበር፤ ግን ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ ከቤቱ በላይ፣ ዋንዛዎቹ ከተቆረጡበት ሥር፣ መሬቱ በተሰነጠቀበት ላይ አፈር እያለበሰች ስትረግጥ አገኘኋት። መኝታቸው ከስንጥቁ በታች ነው።

እህትህ ስመኝ
ዲላ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.