በውርድ ንባብ ያልኩልህ እንግሊዝኛ

ጋሼ፣ እንዴት ነህ? አፈሩ ከብዶህ ይሆን? ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ ገብሱ ታጨደ። እኛ ግን እስካሁን አላለቀስንልህም።

ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የጣሊያንን የስልክ ሽቦ የቆረጠ ሰው ቤቱ ከነቤተሰቡ ይቃጠላል ተብሎ በገበያ ታውጇል። ጓደኞችህ ከመንገዱ በላይ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ እንደቀበሩህ ለእማዬ በሹክሹክታ ነገሯት። የኔታ ብቻቸውን ሆነው ፍትሐት አደረሱልህ። ሙሾ የለ፣ ደረት መምታት የለ። እማዬ እንደ ሐዘንተኛ ፀጉሯን እንኳ አልተላጨችም። መደብህ ላይ የገብስ ስልቻ ደርድራበታለች፤ ባዶውን ሰው እንዳያይ።

በቀደም ለጣሊያን ያደረው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እትዬ፣ ያ ሸጋ ልጅሽ ወዴት ጠፋ?» አላት።

«መርጡለ ማርያም፣ ቅኔ ሊማር ሄደ።»

«አይ! የፈረንጅ አፍ አልበቃው ብሎ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጋሼ፣ እማዬ ስትስቅ አየኋት። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ትክ ብዬ ማየት አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤትህ በጦርነቱ ተዘግቶ፣ ዓባይን በእግርህ ተሻግረህ የመጣህ ጊዜ ለእኔ ያመጣህልኝ «ከት ኦፍ» የምትባል ቃል ነበረች። አንድን ነገር አብሮት ከነበረው ቆርጦ መለየት ነው አልከኝ። ሕግህ ደግሞ ከየኔታ ይብስ ነበር፤ በቀኑ በዓይናችን ካላየነው ዓረፍተ ነገር አይሠራም። የወይራውን ቅርንጫፍ ስንቆርጥ «ዊ ከት ኦፍ ዘ ብራንች» አልን። የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ከማዶ ሲያስቀረን፣ ዝናቡ እየወረደብን «ዘ ሪቨር ከት አስ ኦፍ» እያልክ አስደገምከኝ። እኔ ከዳዊት በቀር ሌላ ንባብ የማላውቀው፣ እንግሊዝኛውንም በውርድ ንባብ ድምፄን እየጎተትኩ አዜምኩት። ሆድህን ይዘህ ጭቃው ላይ ቁጭ አልክ። «አንተ መምሬ! ፈረንጅ ቢሰማህ እኮ ክርስትና ይነሣል!» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ሳቅህን ለመስማት ስል ሆን ብዬ አዜመው ነበር።

በመጨረሻው ምሽት ግን ሕግህን ራስህ ጣስከው። «ዊ ከት ኦፍ ዘ ዋየር» አልክ። ዛሬ ሽቦ አላየንም ብዬ ተከራከርኩህ። «ነገ እውነት ይሆናል» ብለህ ራሴን አሸት አሸት አደረግከኝ።

እውነት ሆነ። ሽቦው ተቆረጠ፤ ስትመለሱ ተተኮሰባችሁ። በማግስቱ ጣሊያኖቹ መጥተው ሽቦውን ቀጠሉት። አሁን ወፍ ያርፍበታል። ለዚህ ነበር ወይ እያልኩ እጠይቅሃለሁ። የኔታ እግዚአብሔር ያውቃል ይሉኛል። ጋሼ፣ እኔ ግን አላውቅም። ትምህርቱም አይገባኝ፣ እህሉም አይወርድልኝ።

አልረሳህም። በየቀኑ ካየሁት አንድ ዓረፍተ ነገር እሠራልሃለሁ፤ ሌላ የምሰጥህ የለኝም። እንግሊዝኛህን ላንተ ማዜም የጀመርኩት ያኔውኑ፣ መርዶህን በሰማን ማግስት ነው።

ያን ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። ማልቀስ አይቻልም። ተማሪ ሲያዜም ግን ማንም አይጠረጥረውም። ዳዊቴን ይዤ ወጣሁና ከአጥሩ ውጪ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። መጽሐፉን ገልጬ ያስተማርከኝን ሁሉ፣ ወይራውንም ወንዙንም፣ በውርድ ንባብ እየጎተትኩ አዜምኩት። ጎረቤታችን በቅሎውን እየሳበ በአጠገቤ ሲያልፍ ጸሎት መስሎት ባርኔጣውን አነሣ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። የሽቦው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ አቆምኩ።

እስክትስቅ ጠበቅኩህ።